ኮሮላዬ ጠዋት ስትነሳ ትንቀጫቀጫለች፤ ካቴናው ነው ወይስ ሌላ?

ባለኮሮላ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩኝ ብዬ ነው።

መኪናዬ ኮሮላ ናት፣ በፈረንጅ 2004 ሞዴል፣ 1.6፣ ማንዋል። ሞተሩ 3ዜድዜድ ነው። ቆጣሪው 240 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ከገዛኋት ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ እስካሁን አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችኝም።

ከሁለት ወር ወዲህ ግን ጠዋት ሳስነሳት ትጮኻለች። ጣሳ ውስጥ ጠጠር ጨምረው ሲነቀንቁት እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሰከንድ ብቻ ስለነበር ሞተሩ እስኪሞቅ ነው ብዬ ተውኩት። አሁን አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ይቆያል። ባለፈው ሳምንት አሰላ እናቴ ጋ አድሬ በዚያ ብርድ ሳስነሳት እናቴ ነጠላዋን እንዳደረገች ከቤት ወጥታ "ምን ሆነች መኪናሽ?" አለችኝ። ከሞቀች በኋላም መብራት ይዞኝ ስቆም፣ ሚኒሞ ላይ፣ ሬዲዮ አጥፍቶ ላዳመጠ ሰው ስስ መንቀጫቀጭ አለ። ነዳጅ ስረግጥ ይጠፋል፣ ወይም በሞተሩ ድምፅ ይዋጣል፣ ለይቼ አላውቀውም። የሚመጣው በተሳፋሪው በኩል ካለው የሞተሩ ጫፍ ይመስለኛል።

ሦስት ጋራዥ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አየና "ሞተሩ አልቋል፣ ያገለገለ ሞተር ላፈላልግልሽ" አለኝ። ሁለተኛው ካቴናው (ሞተሩ ውስጥ ያለው ሰንሰለት) ነው፣ ይከፈት አለ፣ ለእጅ ብቻ 25 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ሦስተኛው ደግሞ ወፍራም ዘይት አድርጊበት፣ ዝም ይላል አለኝ። የቱን ልመን?

በየቀኑ ወንጂ ለሥራ የምመላለሰው በሷ ነው። ጠዋት ሁለት ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰውም በሷ ነው። ካቴናው መንገድ ላይ ቢበጠስ ምን ይሆናል? ነገሩ እስኪጣራ ድረስ መንዳት እችላለሁ?

የዲኤክስ ወዳጅ

እህቴ አይዞሽ። እኔ ዲኤክስ (የድሮዋን ኮሮላ) 20 ዓመት ነድቻለሁ። የዲኤክስ 4ኬ ሞተርም ካቴና ነው ያለው። ካቴና እንደ ቺንጋ (እንደ ጎማው ቀበቶ) ሳይናገር አይበጠስም፣ ብዙ ጊዜ ጮኾ ጮኾ ነው። የኔም እንዲሁ መንቀጫቀጭ ሲጀምር 20ደብሊው-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት አደረግኩበት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ነድቼው ነው የሸጥኩት። ሞተር ቀይሪ ያለሽን ሰው ግን ፈጽሞ እንዳትሰሚው። ደህና ሞተር አውርደሽ ታሪኩን የማታውቂውን ሞተር ልታስገቢ ነው።

የድሮ መካኒክ (አዳማ)

ልጄ፣ ሦስት መልስ ያገኘሽው ሦስቱም በደንብ ሳያዳምጡ ስለተናገሩ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ የሚታወቀው ጠዋት ነው፣ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ቀዝቅዞ እያለ። አንቺ ነድተሽ ጋራዥ እስክትደርሺ ሞተሩ ሞቋል፣ ድምፁም ግማሹ ሄዷል፣ መካኒኩ የሰማው የቀረውን ነው። ስለዚህ ወይ መኪናዋን ማታ ጋራዥ አሳድሪያት፣ ወይ መካኒኩ ጠዋት ቤትሽ ድረስ ይምጣ። ለዚህ ሰዓት ሂሳብ ቢጠይቅሽም ክፈይው፣ ያዋጣሻል።

አሠራሩ ይግባሽ፣ ከዚያ ማንም አያታልልሽም። ከታች ያለው ዋናው የሞተሩ ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ሲዞር ካቴናው ከላይ ቫልቮላዎቹን የሚከፍቱትን ሁለቱን ካምሻፍቶች አብሮ ያዞራል። በአንድ ጎኑ የማይንቀሳቀስ መሪ አለ፣ በሌላ ጎኑ የሚወዛወዝ ክንድ አለ፣ ሁለቱም ካቴናው የሚንሸራተትበት ፊታቸው ፕላስቲክ ነው። ክንዱን ከኋላው እየገፋ ካቴናውን የሚወጥረው ቴንሽነር ይባላል። ቴንሽነሩ ውስጥ ሞላ አለ፣ ዋናው ጉልበት ግን የሞተሩ ዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ስታስነሺ የዘይት ፖምፓው ዘይቱን እስኪያደርስ ድረስ ቴንሽነሩ ልል ነው፣ ካቴናውም ይወዛወዝና መሪውንና ሽፋኑን ይመታል። ያ ነው የሰማሽው ጠጠር። በዚህ ዕድሜ ያለ ሞተር ላይ አንድ ሰከንድ ቢሰማ ብዙ አልጨነቅም። አሥራ አምስት ሰከንድ ግን ሌላ ነው። ወይ ዘይቱ በጊዜው አይደርስም፣ ወይ ቴንሽነሩ ደክሟል፣ ወይ ካቴናው ረዝሞ ቴንሽነሩ መግፋት የሚችለውን ያህል ገፍቶ ጨርሷል።

ረዝሟል ሲባል ብረቱ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ አይደለም። በያንዳንዱ ቀለበት መጋጠሚያ ያለችው ፒን በጥቂቱ ትበላለች። የአንዷ ጉዳት በዓይን አይታይም። ግን ከመቶ በላይ ፒን አለ፣ የሁሉም ሲደመር ካቴናው ረዘመ ማለት ነው። የሚበላትም ዘይቱ ውስጥ ያለው ጥቀርሻ ነው፣ እንደ ሞረድ ነው የሚሠራው።

አሁን ከርካሹ ጀምሪ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሚ፣ ጠዋት ሳታስነሺ የዘይት መለኪያውን አውጥተሽ ጥረጊ፣ መልሰሽ ክተቺና አውጪ፣ ስንት ላይ እንዳለ ጻፊልኝ። የመጨረሻውን ሰርቪስ መቼ እንዳደረግሽ አልነገርሽንም። የዜድዜድ ሞተሮች በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥሪቶች ዘይት በመጠጣት ይታወቃሉ። መሬት ላይ ጠብታ ሳታዪ ዘይቱ ያልቃል። ዘይት ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ የሚጮኸው ካቴናው ነው። የዘይቱን ፊልትሮም ጠይቂ። ደህና ፊልትሮ ውስጡ የጎማ ቫልቭ አለው፣ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱን ይዞ ያሳድራል። ርካሹ ላይ ያ ጎማ ወይ የለም ወይ ይደርቃል፣ ስለዚህ ጠዋት ፖምፓው ባዶ ፊልትሮ ሞልቶ ነው ወደ ላይ የሚሄደው።

ወንድማችን ስለ ዲኤክስ የነገረሽ እውነቱን ነው፣ ለዲኤክስ። የ4ኬ ካምሻፍት ታች ብሎኩ ውስጥ ነው፣ ካቴናውም አጭር ነው። ያንቺ ሞተር ካቴና ግን ከታች እስከ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወጣል። ወፍራም ዘይት ጠዋት እዚያ ለመድረስ ይበልጥ ይዘገያል። ሲሞቅ ድምፁን ያፍነዋል፣ መበላቱን ግን አያቆመውም። መኪናዋን ለመሸጥ የፈለገ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ አንቺ ግን ልጆችሽን ልትጭኚባት ነው። 5ደብሊው-30 ወይም ለአዳማ ሙቀት 10ደብሊው-30 ይበቃታል።

ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ወይም ከተበጠሰ ሞተሩ መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ቫልቮላና ፒስቶንም ሊጋጩ ይችላሉ። ያኔ ቴስታታ ማውረድ ይመጣል፣ ወጪው ካሁኑ ጋር አይነጻጸርም። ስለዚህ እስኪጣራ ድረስ አቁሚያት። ልጆቹን ለጥቂት ቀን በባጃጅ ላኪያቸው።

ቪትዝ ነጂ (ሀዋሳ)

ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የኔ ቪትዝ ላይ ልክ አንቺ እንደጻፍሽው ያለ መንቀጫቀጭ ነበር፣ ካቴና ነው ተብዬ ብር እያጠራቀምኩ ነበር። በመጨረሻ አንድ ልጅ እግር መካኒክ ከሥር ገብቶ የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚከልለውን ቆርቆሮ በእጁ ሲይዘው ድምፁ ቆመ። ቡሎኑ በዝገት ተበልቶ ቆርቆሮው ተንጠልጥሎ ነበር። በሽቦ ሳይሆን በአዲስ ቡሎን አሰረልኝ፣ አለቀ። ያንቺ ከሞተሩ ጫፍ ስለሆነ የሚለይ ይመስለኛል፣ ግን ምንም ከመከፈቱ በፊት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ነቅንቂያቸው። ሁለት ደቂቃ ነው።

ቼክ ኢንጅን መብራት በርቷል? ካልበራም በስካነር ማስነበቡ አይከፋም። ፒ0016 የሚል ኮድ ከመጣ የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ አቀማመጥ አልተጣጣመም ማለት ነው፣ ካቴናው መርዘሙን ወይም ጥርስ መዝለሉን ይጠቁማል።

ባለኮሮላ (አዳማ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ ጋሼ እርስዎን። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ አየኋት።

ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነው። በመለኪያው ጫፍ ላይ ብቻ ነው የነካው፣ ጥቁር ሆኗል፣ ጣቴ ላይ ሳሸው ይሻክራል። ሰርቪስ ካደረግኩ 9 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፎኛል። በ5 ሺህ እንድመጣ ተነግሮኝ ነበር፣ ሥራ በዛብኝና ገፋሁት። በመሀል ዘይቱን አንድም ቀን አላየሁትም። ፊልትሮውም ሰርቪስ ሲደረግ የተገኘው ነው የገባው፣ የምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ዘይቱንና ፊልትሮውን አስቀየርኩ፣ 5ደብሊው-30 አደረግኩ። ነገ ጠዋት አዳምጬ እጽፋለሁ። መብራት አልበራም፣ በስካነርም ኮድ አልተገኘም። ቆርቆሮዎቹን ነቀነቅኩ፣ ጠብቀዋል።

ባለኮሮላ (አዳማ)

እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አስነሳኋት። ከአሥራ አምስት ሰከንድ ወደ አምስት ወርዷል። ግን አልጠፋም። ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ ያለው ስስ ድምፅ ያው ነው። ቪዲዮ ቀድቼ ደጋግሜ ሰማሁት። ቀጥሎ ምን ላድርግ?

የድሮ መካኒክ (አዳማ)

ደግ አደረግሽ። ወደ አምስት ሰከንድ ከወረደ ዘይቱ አንዱ ምክንያት ነበር ማለት ነው፣ ግን ብቻውን አይደለም። አሁን ድምፁ የት እንዳለ እንፈልግ።

ረጅም ካቻቢቴ ያዢ። እጀታውን ከጆሮሽ በታች ካለው አጥንት ላይ አስጠጊ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳርፊ። ነጠላ ወይም ሻርፕ አውልቂ፣ ፀጉርሽን እሰሪ፣ ቺንጋውና ማራገቢያው አጠገብ እንዳትደርሺ። መጀመሪያ ዲናሞው ላይ፣ ከዚያ የውሃ ፖምፓው ላይ፣ ከዚያ የካቴናው ሽፋን ላይ ከላይ እስከ ታች፣ በመጨረሻ የቫልቭ ክዳኑ ላይ። ልዩነቱ ይገርምሻል። አንዱ ቦታ ላይ ድምፁ በጆሮሽ ውስጥ ያለ ያህል ይመጣል።

ሁለተኛው ፍተሻ ቺንጋውን ማውለቅ ነው። አንድ ቺንጋ ዲናሞውንም የውሃ ፖምፓውንም ስቲሪንጉንም ስለሚያዞር እሱን አውልቆ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ድምፁ ከጠፋ ካቴናው ነጻ ነው፣ ጥፋቱ ከነዚያ ከአንዳቸው ኩሽኔታ ነው፣ በትንሽ ብር ተገላገልሽ ማለት ነው። ካልጠፋ ከውስጥ ነው። ግን ልብ በይ፣ ቺንጋው ሲወልቅ ውሃ አይዞርም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ከግማሽ ደቂቃ ሳይበልጥ አጥፊ። ይህንን መካኒክ ይሥራልሽ።

አንድ ሌላም አለ፣ ዘይት ጎድሎ ስለተነዳ ልለፈው አልችልም። ከታች የሚመጣ፣ ወፍራም፣ እንደ ሙቀጫ የሚደልቅ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጪ የሚብስ ድምፅ ካለ እሱ ካቴና አይደለም። የቢየላ ብሮንዚን ነው፣ ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ማረፊያ። እሱን ከሰማሽ ሞተሩን ወዲያው አጥፊ። የጻፍሽው ስስና ከላይ የሚመጣ ስለሆነ ይሄ ነው ብዬ አላስብም።

የወንጂ ልጅ

ቺንጋ የማውለቁን ነገር እኔም እመሰክራለሁ። የኔ ድምፅ የዲናሞው ኩሽኔታ ሆኖ ነው የተገኘው፣ አንድ ጠዋት ሥራ ነበር።

ባለኮሮላ (አዳማ)

ዛሬ ፍራንኮ አካባቢ የሚሠራ ጓደኛዬ የጠቆመችኝ መካኒክ ጠዋት ቤት መጣ። ወጣት ነው፣ ግን ታጋሽ ነው። እርስዎ የጻፉትን አሳየሁት፣ አልተቀየመም፣ እንዲያውም "ልክ ናቸው" ብሎ እሱም ካቻቢቴውን አወጣ።

ዲናሞው ላይ ጭር ያለ ነው፣ ልክ እንደ ነፋስ። የውሃ ፖምፓውም ያው። የካቴናው ሽፋን መሀል ላይ ስናደርገው ግን እኔም ሰማሁት፣ ዘለበት ያለው ቀበቶ በቆርቆሮ በር ላይ እንደሚመታ፣ ቶሎ ቶሎ። ቺንጋው ወልቆም ድምፁ አልተለወጠም። ዳገት ላይ ደላቂ የሚሉት ድምፅ የለም።

ስለዚህ ካቴናው ነው። አሁን የምጠይቀው ይህን ነው፣ ቴንሽነሩን ብቻ መቀየር ይቻላል? መካኒኩ ከውጭ ይወልቃል አለኝ።

የድሮ መካኒክ (አዳማ)

ልጁ እውነቱን ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቴንሽነሩ ከውጭ በሁለት ዳዶ ነው የታሰረው፣ 10 ቁልፍ ይበቃል። የካቴናውን ሽፋን መክፈት አያስፈልግም። መጀመሪያ እሱን አውጡት፣ ብዙ ይነግራችኋል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። ከወለቀ በኋላ ግን ማንም ሰው ሞተሩን እንዳያዞር፣ የማስነሻ ቁልፉን ከመኪናው ውስጥ አውጪው። ካቴናው ልል ስለሆነ ጥርስ ይዘላል።

ቴንሽነሩን ስታወጡ የምታዩት የፒስተኑን ርዝመት ነው። ጎኑ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ወደፊት እንጂ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው። ከነበረበት ሳትነኩት ስንት ጥርስ እንደወጣ ቁጠሩ። ገና ብዙ ጥርስ የቀረው ሆኖ ፒስተኑ የሚንገራገጭ ወይም ጥርሱ የማይዝ ከሆነ ቴንሽነሩ ብቻ ነው የሞተው፣ እሱን ከነጎማ ቀለበቱ ቀይራችሁ ሞክሩ። ፒስተኑ እስከ ጫፉ ወጥቶ ከሆነ ግን አዲስ ቴንሽነር ምንም አይጨምርላችሁም። እሱም የሚገፋው እዚያው ድረስ ነው። ካቴናው ረዝሟል፣ ወይም መሪው ተበልቷል፣ ወይም ሁለቱም፣ ሽፋኑ ይከፈት።

ሲመለስም ዘዴ አለው። ፒስተኑ ተገፍቶ ወደ ውስጥ ይገባና በሜንጦ ይያዛል። ከታሰረ በኋላ ክራንክሻፍቱን በ19 ቁልፍ ጥቂት ወደ ግራ ሲያዞሩት ሜንጦው ይለቅና ፒስተኑ ክንዱን ይገፋል። ይህን ሳያደርግ ያስነሳ ሰው ቴንሽነሩ ተቆልፎ እያለ ነው ያስነሳው። ከዚያ "አዲሱ እቃ አይሠራም" ይባላል።

ከተከፈተ ሁሉንም ቀይሩ። ካቴናውን፣ መሪውን፣ ክንዱን፣ ቴንሽነሩን፣ የፊቱን የክራንክሻፍት ሲል። የካምሻፍትና የክራንክሻፍት ጥርሶቹን አይታችሁ ሹል ከሆኑ እነሱንም። ግማሹን ቀይሮ መዝጋት ማለት በዓመቱ ያንኑ የእጅ ዋጋ ሁለተኛ መክፈል ነው።

ለምን እንደዚህ እንደምከርር ልንገርሽ። በሥራ ዘመኔ 22አር ቤንዚን ሞተር ያላቸው ሃይለክሶች ብዙ ገብተውልኛል። የነዚያ የፕላስቲክ መሪ ይሰበራል፣ ካቴናው ሽፋኑን መፋቅ ይጀምራል፣ ባለቤቱ ግን "ትጮኻለች እንጂ ትሄዳለች" ይላል። ከሽፋኑ ጀርባ የውሃ መንገድ አለ። ካቴናው ፍቆ ፍቆ ሲበሳው ውሃው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዘይት ክዳኑን ስከፍት ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ዘይት ነበር የማየው። በመሪ ዋጋ ይቆም የነበረ ነገር ሞተር ይወስዳል። ያንቺ ሞተር ሌላ ነው፣ ግን መጠበቅ የሚያመጣው ነገር አንድ ነው።

የወንጂ ልጅ

እቃ ስትገዢ ብቻሽን አትሂጂ። አዳማ ካጣሽ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ውጪ፣ ግን አሮጌውን ይዘሽ ነው መሄድ ያለብሽ። አዲሱን ካቴና ካሮጌው ጎን ዘርግተሽ ቀለበቱን ቁጠሪ፣ እኩል መሆን አለበት። የሞተሩን ኮድ ንገሪያቸው እንጂ "የኮሮላ" ብቻ አትበይ፣ በስም ኮሮላ ሆኖ ሞተሩ የተለያየ ብዙ ነው። ቴንሽነሩን እዚያው በጣትሽ ግፊው፣ ጥርሱ በደንብ ይይዛል ወይ። መሪው ላይ ፕላስቲኩን በጥፍርሽ ሞክሪ፣ ከብረቱ ጋር ክፍተት ካለው ተይው። የቫልቭ ክዳን ጎማና ሲልኮን አብረሽ ግዢ፣ ካልሆነ ሥራው መሀል ላይ ይቆማል።

ባለኮሮላ (አዳማ)

ሥራው አለቀ። ሁለት ቀን ፈጀ። እኔም ዓመት ፈቃድ ወስጄ አብሬ ዋልኩ፣ ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍላችሁ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል።

ቴንሽነሩ ሲወጣ ፒስተኑ ወደ ጫፉ ደርሷል። የቀረው ሁለት ጥርስ ብቻ ነው። ወሰንን፣ ተከፈተ። በዚያ በኩል ያለው የሞተር መቀመጫ መውለቅ ስላለበት ሞተሩን ከሥር በክሪክ ደገፉት፣ በክሪኩና በሞተሩ መሀል እንጨት አድርገው።

ሽፋኑ ሲወርድ መጀመሪያ ያየሁት መሪውን ነው። አዲሱ ፊቱ እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። የኔ ግን ሁለት ቦይ ወጥቶበታል፣ ካቴናው በሁለቱ ጠርዞቹ እንደ ማረሻ አርሶታል። ቀለሙ ቡና ሆኗል፣ ከታች ጫፉ የጥፍር ያህል ተሰብሮ ጠፍቷል። መካኒኩ ያቺን ቁራጭ ሳላገኝ አልዘጋም አለ። የዘይት መያዣውን አውርዶ ሲያይ የፖምፓው ወንፊት ላይ ተለጥፋ አገኛት፣ ዙሪያዋን ሌሎች ጥቃቅን ፍርፋሪዎች። ወንፊቱን አጠበው። ያ ፍርፋሪ እዚያ ቢቀር ዘይቱ እንደገና ይዘገይ ነበር።

ካቴናዎቹን ደግሞ እንዲህ አሳየኝ። አሮጌውን በጎኑ አድርጎ አንዱን ጫፍ ይዞ ወደ ፊት ዘረጋው፣ እንደ ገመድ ወደ ታች ጎበጠ። አዲሱን በዚያው አኳኋን ሲይዘው ቀጥ ብሎ ቆመ። ያኔ ነው እርስዎ ስለ ፒኖቹ ያሉኝ በደንብ የገባኝ።

ሲገጠም የመጀመሪያውን ሲሊንደር ፒስቶን እስከ ላይኛው ጫፍ አደረሱ፣ የክራንክሻፍቱንና የሁለቱን ካምሻፍቶች ምልክት አስተካከሉ፣ ካቴናው ላይ ቀለም የተቀቡት ቀለበቶች በምልክቶቹ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በእጅ ሁለት ዙር አዞሩት። ይሄኔ ቀለም የተቀቡት ቀለበቶች ከምልክቱ ርቀው ሄዱ፣ እኔ ደነገጥኩ። መካኒኩ ግን የጥርሶቹን ምልክት አሳየኝ፣ እነሱ ልክ ቦታቸው ተመልሰዋል። ቀለበቶቹ ለመግጠሚያ ብቻ ናቸው፣ ቶሎ ተመልሰው አይገጣጠሙም አለኝ። ማንም እንዳይደነግጥ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሲልኮኑን በቀጭኑ አደረገ። ሲበዛ ተጨምቆ ወደ ውስጥ ገብቶ ያንኑ ወንፊት ይደፍናል አለ። እንዲደርቅ ብሎ በዚያ ቀን አላስነሳትም፣ ዘይትም በማግስቱ ነው የሞላው።

የእጅ 18 ሺህ ብር ከፈልኩ። የመጀመሪያው ሰውዬ ሞተር ይፈለግልሽ ካለኝ አንጻር ሳስበው ያሳዝነኛል፣ ሌላ ሰው ሄዶለት ይሆናል።

ሃይለክስ ያለው

እንኳን ደስ አለሽ። ይቅርታ፣ የኔ ጥያቄ ትንሽ ይለያል። ሃይለክስ 5ኤል ናፍጣ ነው ያለኝ፣ እሱም ካቴናው ይታይ?

የድሮ መካኒክ (አዳማ)

5ኤል ቺንጋ ነው፣ ካቴና የለውም። 2ኤልና 3ኤልም እንዲሁ ቺንጋ ናቸው። እና ወንድሜ፣ ያንተ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቺንጋ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጮህ ነው የሚበጠሰው። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ወይም የሚያውቅ ሰው ከሌለህ ዛሬውኑ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። ከነወጣሪው ነው የሚቀየረው።

ልጄ፣ ጥሩ ልጅ አግኝተሻል፣ ስልኩን አትጣይው። ያቺን ቁራጭ ፈልጎ ማግኘቱ ብቻ ሥራውን ይነግርሻል። አሁን ያንቺ ድርሻ ዘይቱ ነው። የመጀመሪያውን ዘይት በ1000 ኪሎ ሜትር ቀይሪው፣ የቀረ ፍርፋሪ ካለ ይዞት ይውጣ። ከዚያ በየ5 ሺህ። በመሀል በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት መለኪያውን አውጪ። ካቴናው አዲስ ሆነ እንጂ ሞተሩ ዘይት መጠጣቱን አልተወም።

ባለኮሮላ (አዳማ)

እሺ ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞልቻለሁ።

ዛሬ አሰላ ነኝ። ትናንት ማታ መጣሁ፣ ሌሊቱ በጣም ብርድ ነበር፣ መስታወቱ ላይ ጤዛ ቀዝቅዞ አደረ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አስነሳኋት። አንድ ጊዜ ጠቅ አለችና ዝም። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው የተሰማው። እናቴ አልወጣችም፣ ተኝታለች።

ከተሠራች 700 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። መለኪያው ላይ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ወደ መሀል ወርዷል፣ ስለዚህ እንዳሉት ትጠጣለች። ከኋላ የያዝኩት ጠርሙስ አለ፣ ከሱ ጨምሬ ነው ወደ አዳማ የምወርደው።